ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ፦ የ2012ቱ የበረሃ አንበጣ ወረራ እንዴት ከእጅ እንዳመለጠ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ራያ ቆቦ ላይ የደረሰ ጤፍ የበላው አንበጣ የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ቢቆጠር፣ ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በፊት ዓረብ ምድር ላይ ከጣለ ዝናብ ይደርሳል። ያ ዝናብ በጣለ ሰሞን ቆቦ ውስጥ ስለ አንበጣ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ የሚያወራበት ምክንያትም አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከዚያ ዝናብ አንሥቶ ይከተላል። የምጠይቀው፣ ነገሩ ገና ትንሽ ሳለ ማን ሊያየውና ማን ሊያቆመው ይችል እንደነበር፣ ደግሞም ያ ሳይሆን የቀረው ለምን እንደሆነ ነው።

"ሳይቃጠል በቅጠል" ሲባል ሰምቶ ያላደገ የለም። ምክሩ ግን ጭሱን የሚያይ ሰው አጠገቡ እንዳለ አድርጎ ነው የሚነግረን። በዚህ ጉዳይ ችግሩ ትንሽ በነበረበት ቦታ ያለው ሰው ሌላ፣ ችግሩ ሲተልቅ የተጎዳው ሰው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል የባሕርም፣ የድንበርም፣ የጦርነትም ርቀት አለ። የአንበጣው ጉዳይ ከብዙ ሌሎች ጉዳዮች ይልቅ ትኩረቴን የሳበው በዚህ ምክንያት ነው።

ማንም ያላየው በረሃ

ግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ ሳይክሎን (ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ የነፋስና የዝናብ ማዕበል) የኦማንን ደቡባዊ ጠረፍ በሳላላ ከተማ አካባቢ መታ። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚዘረጋው ዓረቦች ሩብ አል ኻሊ የሚሉት በረሃ ነው። ስፋቱ 650 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኦማን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና የመን ይካፈሉታል። ዝናብ ጠብ ሳይል ዓመታት የሚያልፉበት አገር ነው። መኩኑ ያወረደው ውሃ በአሸዋ ተራሮቹ መካከል ሐይቅ ሆኖ ተኛ፤ ውሃው እየሰረገ ሲሄድ ዳር ዳሩ ሣርና ቁጥቋጦ በቀለ። ያ እርጥበት ሊያልቅ ሲል ጥቅምት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ሉባን የተባለ ሌላ ሳይክሎን በምሥራቅ የመን በኩል ገብቶ ያንኑ በረሃ እንደገና አጠጣው።

የበረሃ አንበጣ ከዚህ የተሻለ ነገር አይመኝም። ሴቷ የሆዷን ጫፍ ወደ እርጥብ አሸዋ አስገብታ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሰርስራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከላይ በአረፋ ትደፍነዋለች። ለብቻዋ የምትኖር አንበጣ በአንድ ጊዜ መቶ የሚያልፍ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ በዕድሜዋም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያህል ትጥላለች። ሙቀቱ ከተመቸ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ኩብኩባ ይፈለፈላል። ኩብኩባ ክንፍ የለውም፤ መሬት ለመሬት እየዘለለ፣ እየበላ፣ ቆዳውን አምስት ጊዜ እየገፈፈ ከአንድ ወር ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ያሳልፋል። ከመጨረሻው ገፈፋ በኋላ ክንፍ ያወጣል። ዝናብ ካልተቋረጠ በሦስት ወር አንድ ትውልድ ይሞላል፣ ቁጥሩም በግምት 20 እጥፍ ያድጋል። በስድስት ወር 400 እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ይገባል። በመጀመሪያው ትውልድ በረሃውን የሚያቋርጥ ሰው ከስንት አንዴ አንድ አንበጣ ከእግሩ ሥር ይነሣበታል፤ ከቁብ አይቆጥረውም። በሁለተኛው ትውልድ ያየ ሰው "ዘንድሮ አንበጣ በዛ" ይላል። ሦስተኛው ትውልድ ሲመጣ የሚናገር ሰው አያስፈልግም፣ ሰማዩ ይናገራል። ከመጀመሪያው መነሻ እስከ ሦስተኛው መጨረሻ ያለው ዘጠኝ ወር ብቻ ነው።

ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ ፍጥረቱ ራሱ ይለወጣል። የበረሃ አንበጣ በተፈጥሮው ብቸኛ ነው፤ ከመሰሎቹ ይሸሻል፣ ቀለሙም ከመሬቱና ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል። ዝናቡ ቆሞ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ግን ሁሉም በቀረችው ለምለም ላይ ይሰበሰባል። ሲተሻሹ የኋላ እግራቸው ጭን በተደጋጋሚ ይነካል፤ ይህ መነካካት በሰዓታት ውስጥ ጠባያቸውን ይቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ለዚህ ለውጥ መነሻው በነርቫቸው ውስጥ የሚጨምረው ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል ነው። ይሸሹ የነበሩት መፈላለግ ይጀምራሉ። ኩብኩባዎቹ ቢጫና ጥቁር ይሆናሉ፣ በአንድ አቅጣጫም ይተማሉ። ቀድሞ ሁለት የተለያዩ ነፍሳት ይመስሉ የነበሩት ብቸኛውና መንገኛው አንበጣ አንድ ዝርያ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1921 የገለጠው የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው።

በሩብ አል ኻሊ ሦስት ትውልድ ሳይታይ ተራባ። መንገድ የለም፣ ነዋሪ የለም፣ የሚበላ እርሻም የለም። ሳተላይት ልምላሜን ያሳያል እንጂ ከልምላሜው ሥር ያለውን ኩብኩባ አያሳይም። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ማንንም ለመውቀስ አልደፍርም። ያም ሆኖ አንድ ነገር መያዝ አለበት፦ ዝናቡ መጣሉ ይታወቅ ነበር። ሳይክሎን ተደብቆ አይመጣም። በረሃ ላይ ብዙ ውሃ ከወረደ ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላ ምን ሊከተል እንደሚችል ደግሞ ከመቶ ዓመት ምርምር ወዲህ የታወቀ ነገር ነው። የጎደለው ሄዶ የሚያይ ሰው ነበር።

ከየመን ወደ ቆላችን

በጥር 2011 ዓ.ም. መንጋዎቹ ከበረሃው ወጡ። አንዱ ወገን ወደ ሰሜን ሳዑዲ ዓረቢያን አልፎ ደቡብ ኢራን ገባ፤ ኋላም ፓኪስታንንና ሕንድን አዳረሰ። ለእኛ የተረፈው ግን ወደ የመን የወረደው ነው። በየመን ጦርነት አገሩን ለሁለት ከፍሎታል። የአንበጣ ባለሙያ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ፍተሻ ጣቢያውን አልፎ፣ ግንባሩን ተሻግሮ፣ መኪናውን ይዞ ኩብኩባው ያለበት ሸለቆ መድረስ ግን የማይታሰብ ሆኖ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የመን ላይ ዝናብ በዝቶ ስለነበር አንበጣው እዚያ እንደገና ተራባ።

ከሰኔ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንጋዎች የኤደንን ባሕረ ሰላጤና የቀይ ባሕርን ደቡባዊ ጫፍ እያቋረጡ ሰሜን ሶማሊያና ኢትዮጵያ ገቡ። የክረምቱ ዝናብ ቆላውን ያረጠበበት ወቅት ነበር። አፋር፣ ሶማሌና የአማራ ክልል ምሥራቃዊ ቆላ ላይ እንቁላል ተጣለ፣ ኩብኩባ ተፈለፈለ። ጉዳዩ ከዚህ ጀምሮ የእኛ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ የምቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከሩብ አል ኻሊ በተለየ እዚህ ሰው ነበረ። ግመሉን፣ ፍየሉን ይዞ በዚያው ሣር ላይ የሚውል አርብቶ አደር ነበረ፤ ኩብኩባውንም ከማንም በፊት አይቶታል።

ኩብኩባ በመሬት ላይ ሳለ ለቁጥጥር እንደሚመች ማንም የመስክ ባለሙያ ይነግራችኋል። አይበርም። ሲተምም አቅጣጫው ይታወቃል። በጀርባ በሚታዘል መርጫና በፒክአፕ ላይ በተገጠመ መርጫ ይደረስበታል፤ ከፊቱ ያለውን ጠባብ የሣር መስመር ረጭቶ እየበላ እንዲገባበት ማድረግም ይቻላል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን መንጋው በቀን ከነፋስ ጋር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ርጭቱ ያኔ በአውሮፕላን ይሆናል፤ ያውም መንጋው ያደረበት ዛፍ ታውቆ፣ ከንጋት በኋላ ሰውነቱ ሞቆ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት። አብራሪው አርፍዶ ከደረሰ የሚያገኘው የተራቆተ ዛፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ደረጃዎች የሚለየው የገንዘብ መጠን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ደረጃ መሪው ሰው ነው፤ በሁለተኛው አንበጣው ይመራል፣ ሰው ይከተላል።

ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ ያለው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ነው። አሁን ያን አምስት ሳምንት የአንድ ወሬ ጉዞ ላይ እናስቀምጠው። አርብቶ አደሩ ያያል፤ ለቀበሌው ይነግራል። ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ግብርና ቢሮ፣ ክልሉ ለግብርና ሚኒስቴር ያሳውቃል። ባለሙያ አረጋግጥ ተብሎ ይላካል። መኪና ይጠየቃል፣ ነዳጅ ይፈቀዳል፣ ኬሚካል ከመጋዘን ይወጣል፣ የሚረጨው ሰው አበል ይሠራለታል። እያንዳንዱ እርከን ሁለትና ሦስት ቀን ቢወስድ ማንም "ዘገየ" አይለውም፤ ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። ድምሩ ግን አምስት ሳምንቱን ይበላዋል። ማንም ሳያጠፋ ጊዜው ያልፋል።

በዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ የአፋር ዳጉ ነገር ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሳይቀመጡና ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ በሽታ የት ገባ፣ ማን ተጣላ። የሰማውን ማስተላለፍ ግዴታ ነው፤ ያላየውን አይቻለሁ ማለት ነውር ነው። ወሬው ከማን እንደተሰማ፣ መቼ እንደታየ አብሮ ይነገራል። የአንበጣ አሰሳ ቡድን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በሙሉ በዚህ ውስጥ አሉ። በረሃው ላይ አሰሳ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነበር። አሰሳው ከመርጫው መኪና ጋር አልተገናኘም እንጂ።

ችላ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ትክክል ሲሆን

ለሹሙም ፍርድ መስጠት ያለብን የእሱን ቦታ አይተን ነው። በበረሃ አንበጣ መገኛ አገሮች በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሆነ ቦታ ቁጥሩ ይጨምራል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዝናብ ሲቆም፣ ነፋስ ሲወስዳቸው፣ ወፍና ጥገኛ ተባይ ሲፈጃቸው በራሳቸው ይከስማሉ። እናም ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "እስቲ እንጠብቅ" ያለ ኃላፊ ከብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚሳሳተው። ቶሎ ብሎ መኪናና ኬሚካል ያንቀሳቀሰው ደግሞ ከብዙ ጊዜ አብዛኛውን "ምን ነበረና ነው ይህ ሁሉ ወጪ?" ይባላል። ቶሎ የተያዘ ኩብኩባ ማስረጃ አይተውም። ያልተበላ ጤፍ ፎቶ አይነሣም፣ ያልተራበ ልጅ በሪፖርት አይገባም።

ሌላም አለ። በክረምት 2011 የተበላው ሣር ነው። የግጦሽ ሣር በኩንታል አይለካም፣ ገበያ ላይ ዋጋው አይለጠፍም። የደጋው ማሳ ገና ቡቃያ ነበር። ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ድምፁ ሩቅ ነው፤ ድምፁ ቅርብ የሆነው ሰው ደግሞ ገና አልተጎዳም። ማሽላና በቆሎ ሲነካ ነው ነገሩ ዜና የሆነው። በእኔ እምነት፣ ከበረሃው በኋላ በቆላችን የነበረችው ሁለተኛዋ ዕድል ያለፈችው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ለሣርና ለእህል የምንሰጠው ግምት የተለያየ ስለሆነም ነው።

ሥራው ባለቤት አልነበረውም እንዳይባል፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አዲስ አበባ ያደረገ የአገሮች የጋራ ድርጅት ነው። የተቋቋመው ቁስሉ ገና ትኩስ ሳለ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ አንበጣ 167 ሺህ ቶን እህል አጥፍቷል፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ነው። ቁስሉ ሲሽር መዋጮውም ላላ። አንበጣ በማይታይባቸው ዓመታት የአባል አገሮች ክፍያ ይጓደላል፣ አውሮፕላኖቹ ያረጃሉ። በ2011 ክረምት መንጋዎቹ ሲገቡ የሚረጩት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከእጅ ሲወጣ

በመስከረምና በጥቅምት 2012 አዲሱ ትውልድ ክንፍ አውጥቶ ወደ ኦጋዴን ወረደ። በዚያው ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው እጅግ ሞቆ ስለነበር ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የጣለው ዝናብ ከልክ ያለፈ ነበር። ኬንያና ሶማሊያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ። በጎርፍ የረጠበው መሬት በሙሉ ለአንበጣ እንቁላል ምቹ ሆነ። በዚህ ላይ ኅዳር 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ፓዋን የተባለ ሳይክሎን ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን መታ፤ ተጨማሪ አንድ ትውልድ የሚሆን እርጥበት ጨመረ። ታኅሣሥ 18 መንጋዎች የኬንያን ድንበር ተሻገሩ። ታኅሣሥ 30 ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን መንጋ ውስጥ ገባ፤ መስታወቱ በተጨፈለቀ አንበጣ ስለተሸፈነ ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረራ ሆነ። ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ላይ የታየው አንድ መንጋ 60 በ40 ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ 40 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ ያም በቀን 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ደቡብ ሱዳን ተዳረሱ፤ ዲሞክራቲክ ኮንጎ እንኳ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንበጣ አየች። በሚያዝያ 2012 ይፋ በሆነው የመንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዳሰሳ መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ 200 ሺህ ሄክታር ያህል የእህል ማሳ ተጎድቷል፣ ከ356 ሺህ ቶን በላይ እህል ጠፍቷል፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆኗል። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ማሽላ ነው። ከሰብሉ በተጨማሪ የተበላው የግጦሽ መሬት ከሚሊዮን ሄክታር ያልፋል።

በ2012 ክረምት ደግሞ ያው ነገር ከፍ ባለ መጠን ተደገመ። አፋርና የአማራ ምሥራቃዊ ቆላ ላይ የተፈለፈለው ትውልድ ክንፍ ያወጣው ጤፍና ማሽላ በሚደርስበት ወቅት፣ በመስከረምና በጥቅምት 2013 ነው። ራያ ላይ፣ ሐብሩ ላይ፣ አርጎባ ላይ ወረደ። ገና ያልጎለመሰ አንበጣ ሮዝ ነው፤ ሆዳም የሆነውም ያን ጊዜ ነው። ቢጫ ከሆነ ጎልምሷል፣ እንቁላል ሊጥል ነው። ገበሬው ሮዝ ደመና ሲያይ ሰብሉን ያስባል፤ ባለሙያው ቢጫ ሲያይ የሚቀጥለውን ክረምት ያስባል።

ሰዉ ያለውን ሁሉ ይዞ ወጣ። ጅራፍ ጮኸ፣ ቆርቆሮና ጀሪካን ተደበደበ፣ እርጥብ ቅጠል ተቃጥሎ ጭስ ተነሣ፣ ሴቶች ነጠላቸውን እያውለበለቡ ማሳው መሐል ሮጡ። መንጋው ከማሳው ይነሣል፣ ሃምሳ ሜትር አልፎ የጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ጎረቤቱም በተራው ያባርራል። ማሽላው አገዳው ብቻ ቀርቶ ሲቆም፣ ጤፉ ዛላው ተበልቶ ጭዱ መሬት ሲነጠፍ ማየት ዓመት ሙሉ ለለፋ ሰው ምን እንደሆነ በቃል የሚነገር አይደለም። ይህን ያደረጉ ሰዎች ጀግኖች ናቸው፤ አንዳንዱ ቤተሰብ የዳነለት ማሳ በዚያ ሩጫ የዳነ ነው። ሆኖም ማባረር አንበጣውን አይቀንሰውም፤ ባለቤት ይቀይርለታል እንጂ። ችግር ከተወሰነ መጠን በላይ ካደገ በኋላ ለግለሰብ የሚቀርለት አቅም እስከዚያ ድረስ ነው። ያልደረሰ እህል ቶሎ ማጨድም የተሞከረ መፍትሔ ነበር፤ ከምርቱ ግማሹን ለማዳን ሲባል የቀረውን አስቀድሞ መተው ማለት ነው።

ሂሳቡ

የገንዘቡ ታሪክ ከዚህ በፊትም ታይቷል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በሞሪታኒያ፣ በማሊ፣ በኒጀርና በሱዳን ለየብቻቸው የተነሡ ትናንሽ መራባቶች ነበሩ። ፋኦ በ2004 መጀመሪያ ላይ የጠየቀው 9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ገንዘቡ ዘገየ፤ በዚያው ዓመት ክረምት የሚያስፈልገው 100 ሚሊዮን ደረሰ። እስከ 2005 ድረስ 13 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ተረጨ፤ ርዳታውን ጨምሮ የወጣው ወጪ ከ500 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ፋኦ ኋላ ባሰላው መሠረት ያ ገንዘብ በምዕራብ አፍሪካ ለ170 ዓመት የመከላከል ሥራ ይበቃ ነበር።

የእኛውም ከዚህ አልተለየም። በጥር 2012 ፋኦ ለምሥራቅ አፍሪካ የጠየቀው 76 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ እስከ ግንቦት 153 ሚሊዮን ሆነ። የዓለም ባንክ በዚያው ግንቦት ለአንበጣ ብቻ 500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ፤ ከዚያ 63 ሚሊዮኑ ለኢትዮጵያ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ልዩነቱ ይህ ጅብ አለመሄዱ ነው። ገንዘቡ አልጠቀመም አልልም። በ2013 አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር በዝቶ፣ አሰሳው ተጠናክሮ፣ ዝናቡም አንሶ ወረራው ተሰበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አበቃለት። የተረጨው መሬት ግን በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን ሄክታር ይበልጣል። ይህ ሁሉ ኬሚካል የወረደው ንብና ከብት በሚውልበት አገር ላይ ነው። ቶሎ መረጨት ማለት ጥቂት መረጨት ማለት ስለሆነ፣ ስለ ንቡና ስለ ማሩ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በላይ ቀድሞ ለመድረስ መሟገት ያለበት ይመስለኛል።

ምዕራብ አፍሪካ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ያደረገችው መታየት አለበት። ሞሪታኒያን የመሳሰሉ አገሮች በዓመት ውስጥ ሌላ ሥራ የማይሰጠው፣ የራሱ በጀትና መኪና ያለው የአንበጣ ክፍል አደራጁ፤ አልጀርስ ላይ ያለው የአካባቢው ኮሚሽንም ያስተባብራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊቢያና ከአልጄሪያ የተነሡ መንጋዎች ማሊና ኒጀር ሲገቡ፣ ሰሜን ማሊ በጦርነት ውስጥ ሆና እንኳ ነገሩ ወደ 2004ቱ መጠን አላደገም። ያን ዓመት አንበጣን በዜና የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

በእኛም በኩል ከወረራው የተረፈ ነገር አለ። ስልክ የያዘ ማንኛውም ሰው ያየውን አንበጣ ከነቦታውና ከነፎቶው የሚልክበት ኢሎከስት3ኤም የተባለ መተግበሪያ በ2012 ተሠርቶ በምሥራቅ አፍሪካ ተዳርሷል። ኬንያ ውስጥ በዚህ የሠለጠኑ የመንደር ተመልካቾች በ2013 መንጋው ያደረበትን ዛፍ ለሄሊኮፕተሩ በዚያው ማታ ይጠቁሙ ነበር። ወሬው በየእርከኑ እየቆመ መሄዱ ቀረ፤ ያየው ሰውና የሚረጨው ሰው በቀጥታ ተገናኙ። አፋር ላይ ይህን ከዳጉ ጋር ማቀናጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወረዳው ላይ ሳይጠይቅ የሚያወጣው የተወሰነ ነዳጅ፣ በአቅራቢያ የተቀመጠ መርጫና ኬሚካል፣ በሰዓታት ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ሥልጣን የተሰጠው አንድ ባለሙያ ይበቃዋል። ሄዶ ምንም ካላገኘ ደግሞ "ነዳጅ አባከንክ" እንዳይባል፣ ባዶ የተመለሰ አሰሳም እንደ ሥራ መቆጠር አለበት።

ፋኦ በየወሩ የሚያወጣው የአንበጣ መግለጫ አካባቢዎችን በአራት ቀለም ይመድባል፤ አረንጓዴው ፀጥታ ነው፣ ቀዩ አደጋ። የቀዩን ወራት በጀት ማንም ይፈቅዳል። የክልልና የፌደራል ምክር ቤት አባላት የግብርና በጀት ሲያጸድቁ መጠየቅ ያለባቸው ስለ አረንጓዴዎቹ ወራት ነው፦ ዘንድሮ ሰመራና ጅግጅጋ የአንበጣ አሰሳ መኪና አለ ወይ? ሹፌሩ ተቀጥሯል ወይ? ባለፈው ክረምት ስንት ጊዜ ወጣ?